ከቀብርሽ በኋላ የደረሰ ውጤት

ዘነቡዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ከተለየሽኝ አስር ወር ሆነ። ጥር ውስጥ ነበር የሸኘንሽ፤ አሁን ኅዳር ገብቶ የሆሳዕና የጠዋት ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። እኔ ደህና ነኝ። እዚያው ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ከስቻለሁ ይሉኛል፤ ሱሪዬን የሚያጠብልኝ ሰው ስለሌለ በቀበቶ ሰብስቤ እለብሰዋለሁ።

የስፌት መኪናሽ መስኮቱ ሥር እንዳለ ነው። ቀብርሽ ባለፈ በሳምንቱ ደንበኞችሽ ጨርቃቸውን ሊወስዱ መጡ። በር ላይ ቆመው እግራቸውን ያሻሻሉ ነበር፤ ሐዘን ቤት ገብቶ «ቀሚሴን» ማለት ከብዷቸው። ግቡ አልኳቸው። ያለቀውንም ያላለቀውንም በየስሙ አጥፈሽ አስቀምጠሽ ስለነበር ማንንም አልጠየቅኩም። የመጨረሻዋ ሴትዮ አንድ እጅጌ ብቻ የተገጠመለት ቀሚስ ይዛ ሄደች። ሌላ ሰፊ ትጨርስልሽ ብላት እንዲሁ ይቀመጥ አለችኝ።

ቤቱ ዝም ብሏል። አንቺ ከሀደሮ፣ እኔ ከጃጁራ፤ አንቺ በከምባትኛ ስትቆጪ፣ እኔ በሀዲይኛ ስመልስ፣ በአማርኛ ስንታረቅ ዘጠኝ ዓመት ኖርን። አሁን በሦስቱም የሚናገር የለም። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩን ከፍቼ «መጣሁ» እላለሁ፤ ልማድ ነው። ከዚያ መብራቱን አበራና ደብተር አርማለሁ።

ይህን የምጽፍልሽ ግን ቤቱን ልነግርሽ ብቻ አይደለም። አንድ ያላወቅሽው ነገር አለ። ስትሄጂ በሽታዬ ካንሰር ነው ብለሽ ሄድሽ። አልነበረም፣ ዘነቡ። ካንሰር አልነበረም።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ሐምሌ ላይ ሆድሽ ገፋ። መጀመሪያ ያየችው ጎረቤታችን ነበረች፤ በአጥሩ በኩል ሆድሽን አይታ እጇን አፏ ላይ ጭና ሳቀች። አንቺም ሳቅሽ። እኔ ያንን ሳቅሽን እንደ ማረጋገጫ ወሰድኩት። ምግብ ሲዘጋሽ፣ ወደ ማታ ሰውነትሽ ሲግል፣ ሌሊት ያላበሽ ልብስ ጠዋት ገመድ ላይ ሲሰጣ፣ ሁሉንም ለእርግዝና ሰጠሁት። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀ ሰው ሌላ ነገር አይታየውም። መስከረም ላይ አንድ እሁድ ጉባኤው መሃል ተነስቼ፣ «ዘጠኝ ዓመት የተዘጋውን ማኅፀን የከፈተ ጌታ ይመስገን» አልኩ። ቤተ ክርስቲያኑ በእልልታ ተናጋ። አንቺ አንገትሽን ደፍተሽ ነበር። ደስታው አሳፍሯት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ከሞትሽ በኋላ የልኬት ደብተርሽን ገለጥኩ። በሐምሌው ገጽ፣ ከደንበኞችሽ ስሞች መሃል የራስሽን ስም አገኘሁት። ዘነበች፤ ወገብ ሰባ ሁለት፣ ክንድ ሃያ ሰባት። ከሥሩ ደግሞ ወገብ ሰባ አምስት፣ ክንድ ሃያ ስድስት። እንደዚያ እያለ ገጹን ሞልቶ ይወርዳል፤ ሆድሽ ሲሰፋ ክንድሽ ሲቀጥን። ስንት እርጉዝ ለክተሽ የሰፋሽ ሴት፣ ያረገዘች ሴት ክንዷ እንዲህ እንደማይመነምን ሳታውቂ አትቀሪም። ሐምሌ ላይ ነው ያወቅሽው። እኔ መስከረም ላይ ቆሜ ሳመሰግን አጠገቤ ተቀምጠሽ ታውቂ ነበር።

ጥቅምት ሲያልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠሽ፣ «ማቴዎስ፣ ልጅ አይደለም። ሌላ ነገር ነው፤ ውሰደኝ» አልሽኝ። ወሰድኩሽ። አልትራሳውንድ የሚያነሳው ሰው ብዙ ጊዜ ፈለገ፤ ከዚያ መሣሪያውን ከሆድሽ ላይ አንስቶ፣ «ውሃ ነው» አለ። በማግስቱ በመርፌ ቀዱልሽ። የገለባ መልክ ያለው ፈሳሽ በቱቦው እየወረደ ጠርሙሱን ሲሞላ ትኩር ብለሽ አይተሽ፣ «ይህን ሁሉ ጊዜ ውሃ ነው የተሸከምኩት?» ብለሽ ሳቅሽ። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

ያቺን ቀጭን ወጣት ሐኪም ታስታውሻታለሽ፤ አልጋሽ ላይ ቁጭ ብላ እንደ እህት የምታወራሽን። ሆድ ውሃ ሲቋጥር መጀመሪያ ጉበት፣ ልብና ኩላሊት እንደሚጠረጠሩ ነገረችን። ያንቺ ሦስቱም ጤነኛ ናቸው። የቀረው ብዙ ጊዜ የማያጋጥመው ነው። ወይ ከእንቁላል ማፍሪያ ተነስቶ ሆድ ውስጥ የሚበተን ካንሰር፣ ወይ ደግሞ አንጀትን የሸፈነው ስስ ሽፋን ላይ የሚሰፍር ቲቢ። ቲቢ ሳንባ ብቻ የሚይዝ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ሆድም ይገባል፣ ሲገባ ደግሞ ካንሰር መስሎ ሐኪም ያሳስታል አለች። ከዚያ ጥያቄ ጠየቀችን። ያልተፈላ ወተት ትጠጣላችሁ? አንጠጣም። ቤታችሁ ውስጥ የሚያስል ሰው አለ? ሁለታችንም እኩል፣ «የለም» አልን።

በተቀዳው ውሃ ላይ የተደረገው ፈጣን ምርመራ ቲቢ የለም አለ። እሷ ግን በሆድ ውሃ ላይ «የለም» ማለቱ አያሳምነኝም ብላ ከቀዳችው አንድ ብልቃጥ ጀርሙን አሳድጎ ለሚያይ ምርመራ፣ ለካልቸር፣ ላከች። ጀርሙ ካለ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ ሳምንታት ይፈጃል አለችን። በዚህ መሃል የአልትራሳውንዱን ምስል ያዩት ትልልቆቹ ሐኪሞች የሆድሽ ውስጥ ሽፋን መወፈሩን፣ ደምሽ ውስጥም ካንሰር ሲኖር ከፍ የሚለው ነገር መጨመሩን አይተው ወደ ካንሰሩ አደሉ። ተቆርጦ ናሙና መወሰድ አለበት፣ አዲስ አበባ ሂዱ ተባልን። ቀጠሮው ጥር መጨረሻ ላይ ወደቀ። ማንንም አልወቅስም። ሁለቱ በሽታዎች እንደ መንታ ይመሳሰላሉ፤ እነሱም ያዩትን ነው የተናገሩት። ካንሰር የሚለውን ቃል ከሰማን ወዲያ ግን ያቺን ብልቃጥ እኔም ረሳኋት፣ አንቺም ረሳሻት።

ለቀጠሮው አልደረስሽም። ሐሙስ ማስታወክ ጀመረሽ፤ አንጀቷ ተዘግቷል አሉን፤ ሰውነትሽ ቢላ የሚችል አልነበረም። ቅዳሜ ከሰዓት፣ «መጋረጃውን ሳብልኝ፤ ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ» አልሽኝ። ስቤ ስመለስ አልነበርሽም። ሰው የመጨረሻ ቃሏ ምን ነበር ሲለኝ ይህን መናገር ያሳፍረኝና ጸሎት ነበር እላለሁ። አየሽ፣ ውሸትም ተምሬያለሁ።

እናትሽ ለቀብር መጥተው ሳምንት ሰነበቱ። ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይላቸዋል፤ እሳቸውም መልሰው ለኔ ይሉኛል። «ካንሰር መድኃኒት የለውም፣ ልጄ። ንጉሥም አይድንም።» ከአማርኛቸው ውስጥ ይህቺን አጥርተው ይዘዋት ነበር። ሁለታችንም እዚያች ቃል ሥር ተጠለልን።

ከቀብርሽ አምስት ሳምንት እንዳለፈ በእረፍት ሰዓት ስልኬ ጮኸ። ሐኪሟ ናት። ይምጡ ብቻ አለችኝ። ስሄድ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አላስቀመጠችውም፤ በሁለት እጇ ይዛው ነበር። «ካልቸሩ ደርሷል። ቲቢ ነው የበቀለው» አለችኝ። «መድኃኒት አለው?» አልኳት። «አለው» አለች። ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ምነው ዋሽታኝ በነበር አልኩ በልቤ።

ወረቀቱን አጣጥፌ የሸሚዜ ኪስ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ክፍል ነበረኝ፤ ገባሁና አስተማርኩ። ለማን ልንገር? የሐዘን ጊዜው አልፎ ሰው ወደ ሥራው ተመልሷል። ወንድሜ ጋ ደወልኩና ስለ በቆሎ አወራን። ሌሊቱን ያንን «ንጉሥም አይድንም» የሚለውን የእናትሽን ድምፅ ስሰማ አደርኩ። ለሳቸው ከነገርኩ ያቺን ጥግ ልነሳቸው ነው። ካልነገርኩ ደግሞ ለብቻዬ ልይዘው ነው። ለብቻዬ እይዘዋለሁ ብዬ ወሰንኩ፤ ሁለት ሳምንት ያህልም ያዝኩት።

ያላስቻለኝ ያቺው ሐኪም ናት። ሁለቴ ደወለች። አብሮሽ የኖረ ሰው ሁሉ መታየት አለበት አለች። እኔ ታየሁ፤ ንጹሕ ነኝ። «ሌላስ? በቅርብ ዓመታት አንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ አብራው ያደረች ሰው የለም?» ብላ ስትጠይቀኝ የዛሬ ሁለት ዓመት እናትሽ እግራቸው ተሰብሮ ሀደሮ ወርደሽ ሁለት ወር ማስታመምሽ ትዝ አለኝ። አንድ መደብ ላይ ነበር የምትተኙት። ሳላቸውም ትዝ አለኝ። ያ ሳል ስንት ዓመቱ ነው? «የጭስ ነው» እንል ነበር፤ አንቺም፣ እኔም፣ እሳቸውም። የሚያስል ሰው የለም ስንል እኮ አልዋሸንም ነበር። እሳት ዳር የምትውል አሮጊት ስታስል እንደ ሳል ቆጥረነው አናውቅም።

ለእናትሽ እንዴት ልናገር? በኔና በሳቸው መካከል ሁልጊዜ አንቺ ነበርሽ። የሳቸውን ከምባትኛ ለኔ፣ የኔን አማርኛ ለሳቸው ስታሻግሪ ኖርሽ፤ እኛ ሰላምታና ምርቃት ብቻ ነበረን። የትምህርት ቤታችን የባዮሎጂ መምህር ከምባታ ነው፣ የአንጋጫ ልጅ፤ አራት ዓረፍተ ነገር በከምባትኛ አስተማረኝ። ለምን ብሎ አልጠየቀም፤ ቃላቱን ሲሰማ ገባው። ሚኒባስ ውስጥ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ስሸመድድ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት የምጸልይ መስሏት ዝም አለችልኝ።

እናትሽ ጓሮ እንሰቱ መሃል ነበሩ። በሥራ ቀን ሲያዩኝ ደነገጡ። ቤት ገባን። አራቱን ዓረፍተ ነገር አልኳቸው። የዘነበች በሽታ ካንሰር አልነበረም። ቲቢ ነበር። እርስዎም ያስልዎታል። አብረን ሄደን እንታይ። አፌ ውስጥ ስንቱ ቃል እንደተሰበረ አላውቅም። የእንሰት አፈር የነካውን እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። ከዚያ በአማርኛ፣ እኔ ሐኪሟን የጠየቅኳትን ያንኑ ጠየቁኝ።

«መድኃኒት አለው?»

አዎ አልኩ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት። እኔ እዚያው በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። የማጽናኛ ቃል በከምባትኛ አልተማርኩም ነበር፤ አራቱ አልቀውብኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሆሳዕና አመጣኋቸው። አክታቸው ተመረመረ፤ ሳንባቸው ውስጥ ተገኘ። ስድስት ወር መድኃኒት ታዘዘላቸው፤ እኔ ጋ ሆነው እንዲከታተሉ ተስማማን። የስፌት ክፍልሽን ለቀቅኩላቸው። መድኃኒቱን የሰጠችን ነርስ መስኮት ክፈቱ ስላለች ብርዱን ችለን ከፍተን ዋልን። በመጀመሪያው ሳምንት ምግብ እምቢ አሉኝ፤ ሽንት ቤት ደርሰው ሲመለሱ ፊታቸው ይጠቁራል። ጨንቆኝ የባዮሎጂ መምህሩን ጠርቼ አስጠየቅኳቸው። ሽንታቸው ቀልቶ ደም መስሏቸው ሞታቸውን ሲጠብቁ ነበር! መድኃኒቱ ነው፣ የሁሉም ሰው ይቀላል ሲላቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሳቁ። ከቀብርሽ ወዲህ በዚህ ቤት የተሳቀ የመጀመሪያው ሳቅ ነው። ሳቃቸው ያንቺ መሆኑን እስከዚያ ቀን አላወቅኩም ነበር። ወጥቼ ደጅ ቆምኩ።

ከወር በኋላ ጤና ጣቢያ ከምባትኛ የምታውቅ ነርስ አገኙ። ቲቢ በትንፋሽ እንደሚተላለፍ በሚገባቸው ቋንቋ ነገረቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ቀን አልተናገሩም። በሦስተኛው ቀን ማታ ራት አቅርቤ ስቀመጥ፣ «እኔ ነኝ» አሉኝ። «ልጄን እኔ ነኝ የበላኋት።»

ሐኪሟ የነገረችኝን ልነግራቸው ሞከርኩ። ትንፋሹ ከማን እንደሄደ ማንም አያውቅም፤ ከገበያ ይሁን ከአውቶብስ፣ ምናልባትም ከእርስዎ፣ ማንም አይምልበትም አልኩ። ግማሹ ገባቸው፣ ግማሹ አልገባቸውም። እንደማያጽናናቸው አየሁ። ያኔ የኔን ነገርኳቸው። በአማርኛም፣ በሀዲይኛም፣ በተሰባበረ ከምባትኛም። ጉባኤ መሃል ቆሜ ማመስገኔን፣ አንቺ አፍረሽ ዝም ማለትሽን፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ሐኪም ቤት ሳንሄድ መክረማችንን፣ ደብተሩን፣ የክንድሽን ቁጥር። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፣ ለመጋቢያችንም። እናትሽ ምን ያህሉን እንደሰሙ እንጃ። ብቻ ተነስተው መጥተው ራሴን ደረታቸው ላይ አስደገፉት። አማች የአማቱን እጅ እንኳ በወጉ የማይዝበት አገር፣ እኔ እናትሽ ደረት ላይ ተደፍቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሳህኑ ላይ ምግቡ ቀዘቀዘ።

ከዚያ በኋላ ቀለለን አልልሽም። ግን በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዝምታ መሆናችን ቀረ። ጠዋት ክኒናቸውን እቆጥርላቸዋለሁ፤ እሳቸው በከምባትኛ አንድ ቃል ያስተምሩኛል። መስቀልን አብረን ዋልን። አንቺ የምትሠሪውን ቅቤ የበዛበት የቡላ አተካና ልሥራ ብለው የኔን የሀዲያውን ምግብ በከምባታ እጅ ሠሩልኝ፤ ጨው በዝቶበት ነበር፤ ጨርሼ በላሁት። መድኃኒቱን ጨርሰው እንደገና ተመረመሩ። ንጹሕ ናቸው። ጉንጫቸው ሞልቷል። ሳሉ የለም። የጭስ ሳል አልነበረማ።

ሐኪሟን አሁንም አልፎ አልፎ አገኛታለሁ። ሆዱ ውሃ ለቋጠረ ሰው የምትጠይቀውን ለውጣለች። የሚያስል ሰው አለ ወይ ማለት ትታ፣ እሳት ዳር የሚውሉ አሮጊት ወይም ሽማግሌ አሉ ወይ ትላለች። አሉ ሲሏት ጭሱ ያስላቸዋል ወይ ትላለች። ከዘነበች የተማርኩት ነው አለችኝ። ስምሽን አልረሳችውም።

እኔ ግን ተለውጫለሁ፣ ትወጃቸው የነበሩት ለውጦችም አይደሉም። ባለፈው ወር መምህራን ማረፊያ ውስጥ አንዱ ባልደረባችን ሚስቱ ማርገዟን ሲያበስር ሁሉም አጨበጨበ። እኔ እጄ አልነሳ አለኝና፣ «ታይታለች?» አልኩ። ሰውየው ፊቱ ተለዋወጠ፤ «ምን ማለትህ ነው?» አለኝ። ትታይ፣ አንድ ቀን ብቻ ወስደህ አሳያት አልኩት። ለአንድ ሳምንት አላናገረኝም። ወስዶ አሳይቷት ኖሯል፤ ደህና ናት፣ ልጅ ነው። መጥቶ ሲነግረኝ አቅፌ ሳምኩት። ከዚያ ቤቴ ሄጄ በሩን ዘጋሁ። የእውነት ደስ ብሎኝ ነበር፤ የእውነት ደግሞ ልቤ ተሰበረ። አሁን ወሬ እያወሩ ስገባ ዝም የሚሉኝ ጊዜ አለ። ደስታ ያበርዳል ተብያለሁ። ይባል።

እናትሽ ትናንት ሀደሮ ገቡ። ዕቃቸውን መናኸሪያ ድረስ ተሸክሜ ሸኘኋቸው። መስኮቱን ከፍተው አንገታቸውን አውጥተው፣ ጠጋ ብዬ እንድሰማ ምልክት ሰጡኝ። በከምባትኛ ነበር የተናገሩት፤ ያለ አስተርጓሚ ሁሉም ገባኝ። ዘነበች የተወለደችበት ቤት ቤትህ ነው፤ ሳትጠራ ና አሉኝ። ሚኒባሱ ዞሮ እስኪጠፋ ቆምኩ። ከዚያ ወዴት እንደምሄድ ለጥቂት ደቂቃ ጠፋኝ።

ዛሬ እሁድ ነው። ከጉባኤ መልስ ነው የምጽፍልሽ። ዛሬ ከፕሮግራሙ በፊት መጋቢውን ፈቃድ ጠይቄ፣ ያኔ ያመሰገንኩበት ቦታ ላይ ቆሜ ያንቺን ነገር ተናገርኩ። በምን እንደሞትሽ፣ መድኃኒት እንደነበረው፣ እኔ ሳላሳይሽ ማመስገኔን። እልልታ አልነበረም። አንዳንዱ መሬት መሬት አየ። ስወጣ ሁለት ሰው ብቻ ነው የጨበጠኝ።

ዘነቡዬ፣ ቃል የምገባልሽ ትልቅ ነገር የለኝም። በሽታሽን በስሙ እጠራዋለሁ። አጭር ሕመም ነው፣ የጌታ ጊዜ ነው ብዬ አልሸፋፍነውም። ክረምት በገባ ቁጥር መቃብርሽ ላይ የሚበቅለውን ሣር በእጄ እነቅላለሁ፤ እናትሽን እጠይቃለሁ፤ የከምባትኛ ቃሌን እጨምራለሁ። ብቻዬን መሆኔንም አልደብቅሽም፤ ብቻዬን ነኝ። አንቺ ለኔ ደስታ ብለሽ ዝም አልሽ። እኔ ስላንቺ ዝም አልልም።

ያንቺው ማቴዎስ